ስልክ ያላስደወሉ ገጾች

የቤት ውስጥ ማሽኖችን የሚጠግን አንድ አነስተኛ ድርጅት ድረ-ገጹን እንድከታተልለት ሲቀጥረኝ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ጠበቁኝ። ድርጅቱ ያለው አንድ ወርክሾፕና በጣት የሚቆጠሩ ሠራተኞች ብቻ ነው። ገጾቹን ያዘጋጀው ባለቤቱ በወርሃዊ ክፍያ የገዙት፣ ድረ-ገጽን በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ያደርጋል የተባለ አውቶማቲክ ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ ሰዎች ሲፈልጉ ይጽፏቸዋል የሚባሉትን ቁልፍ ቃላት ራሱ ይመርጣል፣ ጽሑፉን ራሱ ይጽፋል፣ ማንም ሳያነበውም ራሱ ያትመዋል።

ባለቤቱ ሶፍትዌሩ የላከላቸውን ሪፖርት አሳዩኝ። የገጾቹን ብዛት የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ ድረ-ገጹም በሶፍትዌሩ መለኪያ ከፍተኛ ነጥብ አግኝቷል። «ታዲያ ስልኩ ለምን አይደወልም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሪፖርቱ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ የሚቆጥረው ሶፍትዌሩ የሠራውን እንጂ ድርጅቱ ያገኘውን ደንበኛ አልነበረምና።

ስለዚህ ጉግል ለድረ-ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠውን ሰርች ኮንሶል ከፈትኩ። ይህ መሣሪያ የ16 ወራት የፍለጋ መረጃ ስለሚይዝ፣ ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት የነበረውንና ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማነጻጸር ይቻላል። ከአዲሶቹ ገጾች አብዛኞቹ በጉግል ከተጎበኙ በኋላ ኢንዴክስ ሳይደረጉ ቀርተዋል፤ ማለትም ጉግል አይቷቸው በፍለጋ ውጤቱ ውስጥ አላስገባቸውም። የገቡት ጥቂቶቹ ደግሞ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ይበልጥ ነበር። ቀደም ሲል ደንበኛ ያመጣ የነበረው የማቀዝቀዣ ጥገና ገጽ ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸው ሌሎች ገጾች ስለተደረቡበት፣ ለአንድ ጥያቄ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው እየቀረበ፣ ሁሉም ወደ ታች ወርደው ነበር።

ከገጾቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ ለባለቤቱ አነበብኩላቸው። ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለየው የሰፈሩ ስም ብቻ ነው። ሁለቱም «በዚህ አካባቢ የሚገኘው ልምድ ያካበተ ቡድናችን» ይላሉ፤ ድርጅቱ ግን በሁለቱም ሰፈሮች ቢሮም ቡድንም የለውም። አንዲት ደንበኛ ይህንኑ አምነው ቅርንጫፉን ፍለጋ ከሄዱ በኋላ እንዴት ተቆጥተው እንደደወሉ፣ ስልክ የሚያነሣው ባልደረባችን በዚያው ነገረን። ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ ገጾቹ እንዲነሡ ለማዘዝ ጊዜ አልወሰዱም።

እዚህ ላይ ችግሩ ጽሑፉን ማሽን መጻፉ ብቻ እንዳልነበር መናገር እወዳለሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ባወጣው ደንብ የከለከለው፣ ለአንባቢ ሳይሆን የፍለጋ ደረጃን ለማዛባት ሲባል በብዛት የሚመረቱ ገጾችን ነው፤ የጻፋቸው ሰው ይሁን ማሽን ለደንቡ ልዩነት የለውም። በአካባቢ ፍለጋ ላይ፣ ማለትም ሰው በአቅራቢያው ያለ አገልግሎት ሲፈልግ፣ ደግሞ ጉግል ራሱ የሚጠቅሳቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፤ ድርጅቱ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ ከፈላጊው ያለው ርቀትና ታዋቂነቱ። ርቀትን በጽሑፍ ማሳጠር አይቻልም። ስለዚህ አነስተኛ ድርጅት አቅሙን ማዋል ያለበት በቀሩት ሁለቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማጽዳቱ ብዙ አልከበደም። ከማቀዝቀዣው ገጽ ጋር የሚሻሙትን የሚከፍታቸው ሁሉ በቀጥታ ወደ እርሱ እንዲደርስ በቋሚነት አዛወርናቸው፤ ሌሎቹን ሙሉ በሙሉ አነሣን። ሶፍትዌሩ በጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ላይ፣ ማለትም ድርጅቱ በጉግል ፍለጋና ካርታ ላይ በሚታይበት ገጽ፣ በድርጅቱ ስም ጎን የደረደራቸውን ቁልፍ ቃላትም ሰረዝን፤ የጉግል መመሪያ ስሙ በእውኑ ዓለም በሚታወቅበት አኳኋን ብቻ እንዲጻፍ ስለሚያዝ፣ ይህን መተላለፍ ፕሮፋይሉን እስከ ማሳገድ ሊያደርስ ይችላል።

የሚጻፈውን ያገኘነው ከወርክሾፑ ነው። ዋናው ቴክኒሻን ደንበኞች ስለ ብልሽቱ የሚናገሩትን በራሳቸው አነጋገር የሚመዘግብበት ደብተር አለው። ከደብተሩ ገጾች በአንዱ ላይ «ፍሪዘሩ ይሠራል፣ ታችኛው ክፍል ግን አይቀዘቅዝም» የሚል አቤቱታ ተደጋግሞ ተጽፏል። ይኸው አባባል በጥቂቱ ብቻ ተለውጦ ሰዎች ጉግል ላይ የጻፏቸውን ፍለጋዎች በሚያሳየው የሰርች ኮንሶል ዝርዝር ውስጥም ነበር። ሶፍትዌሩ ግን በመረጃ ቋቱ ውስጥ የፈላጊውን ቁጥር ዜሮ ብሎ ስለያዘው አልመረጠውም። ጉግል በየዕለቱ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ መሆናቸውን በተደጋጋሚ ገልጿል፤ ማሽኑ ተበላሽቶበት የተጨነቀ ሰው የሚጽፈው በመዝገብ ያለ ቁልፍ ቃል ሳይሆን ዓይኑ ያየውን ነውና ይህ የሚያስገርም አይደለም። በደብተሩ ውስጥ በብዛት ለተደጋገሙት አቤቱታዎች አንድ አንድ ገጽ እንዲኖራቸው ወሰንን፤ የድሮው የማቀዝቀዣ ገጽም በእነዚህ ዙሪያ እንደገና ተጻፈ። ስልክ የሚያነሣው ባልደረባም ደንበኛው ድርጅቱን እንዴት እንዳገኘው እየጠየቀ መመዝገብ ጀመረ።

ሶፍትዌሩን አልጣልነውም። የተሰበሩ ሊንኮችን ይፈትሻል፣ ዋናው ይዘት ለመታየት ከ2.5 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበትን ገጽ ይጠቁማል፣ በድረ-ገጹና በፕሮፋይሉ ላይ ያሉት የስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት መለያየታቸውን ያሳውቃል። ሰው ቢሠራው አሰልቺ ሆኖ የሚዘለል ሥራ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ለማሽን መስጠት ትክክል ነው። የማተም ፈቃዱን ግን ወሰድንበት።

የመጀመሪያ ረቂቅም አሁን ድረስ እናስጽፈዋለን። ስለዚያ ስለማይቀዘቅዘው ታችኛው ክፍል ያዘጋጀው ረቂቅ «ጋዝ ማስሞላት ያስፈልጋል» ይል ነበር። ቴክኒሻኑ አንብቦ መስመሩን ሰረዘና፣ «ጋዝ አልቆ ቢሆን ፍሪዘሩም በደንብ ባልሠራ ነበር። ብዙ ጊዜ በረዶ ተጋግሮ አየሩ ወደ ታች እንዳያልፍ ሲዘጋው ነው። ይህን ካተምከው ሰው ያላለቀ ጋዝ ሊያስሞላ ይሄዳል» አለኝ። ገጹ የታተመው እርሱ ባረመው መልክ፣ በረዶ የተጋገረበትን ማቀዝቀዣ ሲፈታ ራሱ ካነሣው ፎቶ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ገጾችም በሙሉ በእርሱ እጅ አልፈዋል።