አሥራ አራት ወር የበላች ቃል

የመስጊዳችን ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጎ የመረጠኝ አማርኛው ያምራል ብሎ ነው። ጉድ የሠራኝም ይኸው አማርኛ ነው።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንደገባን የምንሰግደው ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነበር። ሱብሒ ላይ ጤዛው ከጣሪያው እየተንጠባጠበ ሱጁድ የምንወርድበትን ምንጣፍ ያርሰው ነበር። ሰፈሩ ሲሞላ ልጆች ቁርአን የሚቀሩበት ክፍል፣ ለኒካሕና ለለቅሶ የሚሆን አዳራሽ፣ ጥቂት ኮምፒውተሮችም አስፈለጉን። ገንዘቡ አላስቸገረንም፤ ጁምዓ በጁምዓ ሶደቃ ሰበሰብን። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ሥራ ሲጀምሩም የኮሚቴያችን ሽማግሌ ሐጂ ቤት ሣጥን ውስጥ የከረመውን ብር ከወለድ ነፃ ሒሳብ አስገባነው። የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የድጋፍ ደብዳቤም ብዙ አላመላለሰንም።

የይዞታ ማረጋገጫ ማመልከቻው ግን ሌላ ነው። ሐጂ «የመስጊዱ ይዞታ ይረጋገጥልን በልና ፈርም» አሉኝ። እኔ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ መስጊዱንም «የእስልምና የባህል ማዕከል» አልኩት። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ኮርቼ ነበር።

የመሬት ቢሮው ባለሙያ እስክሪብቶውን አንሥቶ «ባህል» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረባት። «ይሄ የሃይማኖት ተቋም አይደለማ፤ ባህል ዘርፍ ሂዱ» አለ። እዚያ ስንደርስ «እስልምና ይላል፤ ሃይማኖት እኛን አይመለከትም» ተባልን። ተመለስን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሳምንቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰው የሌለበት ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት ስንት ቀን እንዳየሁ አላህ ይወቀው። ከዚያ ፋይሉ ጠፋ። በስድስተኛው ወር የሻይ ፔርሙዝ ተቀምጦበት ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ የምክር ቤቱ ማህተም ላይ ክብ የሻይ ምልክት ነበረበት። ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ልጆቹ አሁንም በተራዊህ፣ በረመዳን የሌሊት ሶላት ሰዓት፣ ደጅ ላይ ቁርአን ይቀሩ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሐጂ ያሉትን አንድ መስመር ጻፍኩ። በሦስት ሳምንት አለቀ።

ማስታወቂያ ሰሌዳው «ሙሉ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል። እኔ ግን አትስሙት እላለሁ። የተጠየቃችሁትን ብቻ ስጡ፣ ዋናውን ሰነድ ከእጃችሁ አታውጡ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ያደረገበትን ቁጥር ሳትቀበሉ በሩን አትለፉ። የአዳራሹንና የኮምፒውተሩን ወሬ ካርታው ከወጣ በኋላ ታወሩታላችሁ።

ባለፈው ወር ታፔላ ሠሪው ምን ልጻፍ ብሎ ሲመጣ አፌን ከፈትኩ። ሐጂ በከዘራቸው እግሬን ነካ አደረጉና «መስጊድ በል» አሉት።