ለአባታችን በአፌ ያላልኩት

የአባታችን ስብከት አጭር ነው። ተቀምጠን ሳንደላደል ያልቃል። ድምፃቸውም የሰባኪ ድምፅ አይደለም። ማይኩ የጠፋ ቀን ከኋላ ያሉት እናቶች "ምን አሉ?" እየተባባሉ ነው የሚሰሙት። ግን ሰኞ ቡና ሳፈላም፣ ማክሰኞ ባጃጅ ስጠብቅም፣ ያሏት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ትዞራለች።

መጻጉዕ ላይ የሰበኩትን ልጻፈው። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ነው። እኛ የጎንደር ካቶሊኮችም በግዕዝ ሥርዓት ስለምንቀድስ የጾሙ ሰንበቶች ስም ያው ነው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያለ ይሄዳል። (ጎንደር ውስጥ ይሄን የማያውቅ ብዙ ነው። "በላቲን ነው አይደል የምትጸልዩት?" ያሉኝ ጎረቤት አሉ።) ወንጌሉ ዮሐንስ 5 ነው። ለ38 ዓመት የታመመ ሰው መጠመቂያው ዳር ተኝቷል። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" ይለዋል። አባ እዚህ ጋ ቆም አሉ። "ሰውየው አዎ አላለም" አሉ። "ሰው የለኝም ነው ያለው። ይቺን ሲል ነው የኖረው። ሌላ ጥያቄ ቢጠየቅም ይቺኑ ነው የሚመልስ። ጌታ ግን አልተቆጣውም። እስቲ እናንተም የምትደጋግሟትን ፈልጓት።" ከዚያ ወደ ቅዳሴው ተመለሱ። አለቀ።

የእኔዋን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እናቴን ስትሮክ ግራ ጎኗን ከያዛት ወዲህ "እንዴት ናችሁ?" ላለኝ ሁሉ መልሴ "ሰው የለኝም እኮ" ነበር።

ለኑዛዜ ስሄድ ይሄንኑ አነሳሁባቸው። ምክር ነበር የጠበቅኩት፤ እሳቸው ግን እንደ ነርስ ይጠይቁኝ ጀመር። ሌሊት ማን ነው የሚያገላብጣቸው? ጀርባቸው ቆስሏል ወይ? አንቺስ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ወንድምሽ የት ነው?

"አዲስ አበባ" አልኳቸው።

"ነግረሽዋል?"

"ራሱ አያውቅም እንዴ አባ?"

"ሳይነግሩት የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው" አሉና ሳቅ አሉ። የሰጡኝ ቀኖናም ስልክ መደወል ሆነ። ደወልኩ። ወንድሜ አሁን በየወሩ መጨረሻ እየመጣ ያድራል፤ እሱ ባለበት ሌሊት እኔ እተኛለሁ። ስለ ጸሎት የሰጡኝ ትምህርትም አለ፣ ብዙ ነው። ያቺ ስልክ ግን ትበልጥብኛለች።

ከዚያ እናቴን ሊጠይቁ ቤት መጡ። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት፤ ካቶሊክ የነበረው አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እነሱ ተከባብረው ኖሩ፤ ግን እማዬ የእኛን ካህን "የሮም ቄስ" ነው የምትል። ያን ቀን ደግሞ የነፍስ አባቷ ቀድመው መጥተው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሰላምታውን ተቀበሉ እንጂ ፊታቸው አልተፈታም። ዛሬ ገና ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ።

አባታችን ያዘጋጀሁላቸውን ወንበር አልፈው ከቄሱ ዝቅ ብለው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። "የት ነው የተማሩት አባቴ?" አሉ። በቃ። ድጓ ቤተልሔም፣ አቋቋም እዚሁ በአታ እያሉ ቄሱ ጀመሩ። የቆሎ ተማሪ ሳሉ የነከሳቸው ውሻ ሳይቀር ተወራ። አባታችን ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ከመጠየቅ በቀር ዝም ብለው ሰሙ። በረካው ሳይጠጣ ማንም አልተነሳም። ጸሎት ላይ ለቄሱ ተዉላቸውና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። እማዬ በደህናው እጇ አንሶላውን ጨብጣ ሁለቱንም ተራ በተራ ታያለች።

ሌላ ከተማ ቢሆን ይሄ ተራ ነገር ይሆን ይሆናል። ጎንደር ላይ ግን ካቶሊክ ነኝ ስትል ሕዝቡን በግድ ካቶሊክ ሊያደርግ የሞከረው ንጉሥ ሱስንዮስ ይነሳብሃል። አባታችን ይሄን አይሸሹትም። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል መታሰቢያ ቀን፣ ስለ እሳቸው መከራ ከመናገራቸው በፊት ከሱስንዮስ ጀመሩ። "ሰው በንጉሥ ትእዛዝ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገድዷል፤ ብዙ ደም ፈሷል። ንጉሡም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1632 የሕዝቡን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። መጀመሪያ ይሄ ይነገር" አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አለ። አንዳንዱ ደስ እንዳላለው ያስታውቃል። ከዚያ ነው ወደ አባ ገብረ ሚካኤል የሄዱት፤ አንድ ዓይናቸው የማያይ የጎጃም መነኩሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ የሆኑ፣ እዚሁ ጎንደር ታስረው የተሰቃዩ፣ በ1855 በእስር እንዳሉ ያረፉ። ብፅዕና የታወጀላቸው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የራስን በደል አስቀድሞ ከተናገረ ሰው የራሱን ሰማዕት ታሪክ ስትሰማ ጆሮህ ሌላ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ታሪኩን እንደ ክስ ነበር የምሰማው።

ሰሞኑን ሊዛወሩ ነው ተባለ። ምእመናኑ ጋቢ ሊገዙ ገንዘብ እያዋጡ ነው፤ ንግግርም ይኖራል። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም፤ ሁለት ቃል ሳልል እንባዬ ይቀድማል። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ሳልናገርም ያውቁታል እንዳልል፣ ሳይነግሩት የሚያውቅ ማን እንደሆነ ራሳቸው ነግረውኛል። ምናልባት ይሄንኑ ወረቀት እሰጣቸው ይሆናል።

ለእማዬ ማታ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "ምን አልሽ አንች? ማን ሊተካቸው ነው?" አለች።

"ገና አልታወቀም።"

"ቡና የሚጠጣ ነው?"