አሮጌዋን ሰጥቼ፣ በአዲሱ በሽሎን ወርጄ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተመላለስሁበት በአንዲት ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ነው። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ሳወጣት ወንበሯ ተቀዶ ስፖንጁ ይታይ ነበር። ሞተሯ 97 ሲሲ ብቻ የሆነ፣ ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታቃጥል ባለ ሁለት ምት ስትሆን፣ ለእርሻና ለገጠር ሥራ ታስባ የተሠራች በመሆኗ ካቴናዋ ከጭቃና ከአቧራ ሙሉ በሙሉ የተከለለ፣ ከፊትም ከኋላም መጫኛ ያላት፣ የማቆሚያ እግሯም በግራም በቀኝም የሆነ ነበረች። ይህ የሁለት እግር ነገር ለማያውቀው ተራ ይመስላል፤ ሜዳ በተወደደባት በደሴ ግን ሞተርን ወደፈለጉት ጎን አዘንብሎ ማቆም መቻል ቀላል ጸጋ አይደለም።

ልለውጣት ያሰብሁት ጠልቻት አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣታል፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ እኔም መንገድ ዳር ተቀምጬ በብሩሽ እፈትጋለሁ። ይህን በአርባ ዓመቴ እንደ ሙያ እቆጥረው ነበር፤ ሃምሳን ካለፍሁ በኋላ ግን ጉልበቴ እምቢ አለ። በዚያ ላይ በኩታበርና በደላንታ በኩል አድርጌ ላሊበላ የመድረስ የቆየ ምኞት ነበረኝ፤ ይህ ደግሞ በእርሷ የሚሞከር አልነበረም።

ኮምቦልቻ ውስጥ አሮጌ ተቀብሎ፣ ጭማሪ አስከፍሎ አዲስ የሚሰጥ ነጋዴ መኖሩን ሰምቼ ሄድሁ። ሰውየው ኤጂዬን ሁለት ጊዜ ዞራት። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ አመልካች ጣቱን ማርሚታዋ ውስጥ ከተተና ጥቀርሻውን ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው፤ ጣቱንም በዚያችው ሞተር ወንበር ላይ ጠረገ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጭስ ቤት ናት። ማን ይገዛኛል ብለው ነው?» አለኝ። ባለ ሁለት ምት ሁሉ እንደሚያጨስ፣ ከኮምቦልቻና ከደሴ እምብዛም ርቃ እንዳልሄደች፣ ዘይቷን አንድ ቀን እንኳ አጓድዬባት እንደማላውቅ አስረዳሁ። እርሱ 60 ሺህ ብር አለ፤ እኔ 120 አልሁ። ሻይ መጣ። በሁለተኛው ሻይ ላይ 85 ሺህ ተባባልን። የከፈልሁትን ጭማሪ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ማስታወሻ ማንበቧ አይቀርምና፣ ለእርሷ የነገርኋት ቁጥር ትንሽ ይለያል።

ስም ለማዛወር አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ከዚህም ውስጥ ሦስቱ ሊብሬው ላይ ማኅተም የሚያሳርፈውን ሰው በመጠበቅ ያለፉ ናቸው።

አዲሱ ሞተር ሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 411 ሲሲ። ኤጂን «እርሷ» እንደምላት ሁሉ ይህንን ሳላስበው «እርሱ» ማለት ጀመርሁ፤ ምናልባት ስላልተቀራረብን ይሆናል። የፊት ጎማው 21 ኢንች በመሆኑ ድንጋይና ጉድጓድ ሲያገኝ አይደናበርም፤ ታንከሩ 15 ሊትር ይይዛል፤ ቤንዚኑ የሚረጨው በኢንጀክሽን ስለሆነ ከፍታው ሲቀያየር ልኩን ራሱ ያስተካክላል። ኤጂ በጩኸት ለምታልፈው ዳገት እርሱ ድምፁን እንኳ አልቀየረም። ደሴ ስገባ የተሰማኝ ደስታ ግን ሙሉ አልነበረም፤ መንገድ ዳር የምጠቀምበት ብሩሽ በኪሴ ነበር፣ የሚፈተግ ነገር አልነበረም።

በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከደሴ ተነሣሁ። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ስለማይጨከንበት ፍጥነቴን ገትቼ ነበር የምሄደው፤ በዚህም ምክንያት ቦሩ ሜዳ ሳልደርስ ሁለት አባዱላዎች ጥሩንባ እየነፉ ቀደሙኝ፤ የአንደኛው ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይገፋ እንዴ?» አለኝ። ኤጂን ስነዳ አንድም ረዳት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ከእርሷ ማንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረማ። ኩታበር ላይ ቁርስ በልቼ ወደ በሽሎ ወንዝ መውረድ ጀመርሁ።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ለውጡ ምን እንደሆነ በትክክል ገባኝ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነዳጅ ሲለቁለት ወደ ኋላ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በኤጂ ቁልቁለት በወረድሁ ቁጥር ሸክሙ ሁሉ በሁለቱ የከበሮ ፍሬኖች ላይ ያርፋል፤ እነርሱም ሲግሉ እየላሉ ይሄዱና በመጨረሻ እጄ የሚይዘው ተስፋን ብቻ ይሆናል። ሂማላያኑን በሁለተኛ ማርሽ ለቀቅሁት፤ ሞተሩ ራሱ እንደ ጠንካራ በቅሎ እየተንደረደረ ሳይሆን እየተመዘነ አወረደኝ። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የሚሉት ፍሬን ኮረት ላይ መቆሚያውን እንደሚያስረዝመው ስለተነገረኝ የኋላውን አጥፍቼው ነበር፤ ሞዴሉ ይህን ለብቻ ለማጥፋት ይፈቅዳል። የኩራት ስሜት የጀመረኝም እዚህ ነው።

ኩራቱ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። አንድ ሲኖ ከታች ሲመጣ አይቼ ላሳልፈው ብዬ ጠርዝ ላይ ቆምሁ፤ ግራ እግሬን ሳወርድ መሬቱ ከጠበቅሁት በአንድ ስንዝር ዝቅ አለብኝ። አወዳደቁ አላሳፈረም ማለት አልችልም። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ አቅልሎ ለመተኛት እንዳሰበ ሰው ጋደም አለ፤ እኔም እጀታውን እንደያዝሁ አብሬው ተንበረከክሁ። ክብደቱ ነዳጁን ጨምሮ 199 ኪሎ ነው፤ ኤጂ ግማሹን ብትመዝን ነው። ሦስት ጊዜ ታገልሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሶ ተኛ። የሲኖው ሹፌር እጁን አውለብልቦልኝ አለፈ።

ከታች ሁለት አህያ የሚነዳ ሰው ከትንሽ ልጁ ጋር መጣ። አህዮቹን ዳር አስይዞ ሞተሩን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ደግሞ ሞተሩን አየ። «አብሽር ጋሼ፣ ይነሣል» አለ። እኔ እጀታውን ልይዝ ስል በእጁ ከለከለኝ። «ጭነቱ መጀመሪያ። የወደቀ ከብት ከነጭነቱ ይነሣል እንዴ?» ሻንጣውንና የቤንዚን ጀሪካኑን አወረድን። ከዚያ እጀታውን ወደ መሬት ጎን አጠፈው፤ ጀርባውን ለሞተሩ ሰጥቶ ተቀመጠና በእግሩ መሬቱን እየገፋ ወደ ኋላ ተነሣ። እኔ የረዳሁት ነገር ቢኖር «ቢስሚላህ» ሲል «እሺ» ማለቴ ነው።

ላብን ጠርጎ ሲያበቃ «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ኩንታል እንደማይጭን፣ ለረጅም መንገድ ጉዞ የተሠራ መሆኑን ነገርሁት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ወዴት ነው የሚያስቸኩልዎ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ብር ሳወጣ እጄን መልሶ ከአገልግሉ ጢቢኛ ቆርሶ «ጀባ» አለኝ፤ በምላሹ ልጁን ወንበሩ ላይ አውጥቼ ጥሩንባውን አስነፋሁት፤ አህዮቹም ደነገጡ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የተሻገሩት ይህንኑ የበሽሎን ገደል ነበር፤ መድፉ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል፣ መንገዱም ድንጋይ በድንጋይ እየተጠረገ ስለተሠራ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። እኔ ሁለት ኩንታል በማይሞላ ብረት አንድ ገበሬ አስቸግሬ ነበር። ድልድዩን ስሻገር ይህን እያሰብሁ ቀና ብዬ ለመንዳት ድፍረት አጣሁ።

ወገል ጤና ስደርስ ማምሻ ነበር። ደላንታ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በኦፓል ማዕድኗ ስሟ ስለወጣ፣ በማይታወቅ ሞተር የመጣ እንግዳ ሁሉ ድንጋይ ገዢ ነው፤ ሄልሜቴን ሳላወልቅ ሦስት ወጣቶች ውኃ ውስጥ የነከሩትን ኦፓል በፕላስቲክ ብልቃጥ አሳዩኝ። አልገዛም ስል አንደኛው ለጓደኛው «ኢንጂነር ነው፣ ተወው» አለው። ያደርሁበት ቤት አስተናጋጅም ሞተሩን ካየ በኋላ አልጋውን 800 ብር አለኝ፤ ጠዋት ላይ ከጎኔ ያደረው የጤፍ ነጋዴ 400 መክፈሉን ሲነግረኝ ነበር ዋጋው የእኔ ሳይሆን የሞተሩ መሆኑ የገባኝ። በኤጂ በሄድሁበት ሁሉ ከመንገደኛው ጋር እኩል ነበርሁ፤ እንዲያውም አንዳንዱ አዝኖልኝ ይቀንስልኝ ነበር።

ሌሊቱ መጥፎ ነበር። የደጋው ብርድ በአንድ ብርድ ልብስ የሚመከት አይደለም፤ ፍራሹም ውስጥ ከእኔ ቀደም ብሎ የሰፈረ ትኋን ነበረ። ከሁሉ የከፋው ግን ሞተሩ ነው። ኤጂን ቁልፍ ሳልነቅል ገበያ መሐል ትቼ ቡና የጠጣሁ ሰው፣ በዚያች ሌሊት አራት ጊዜ ጋቢ ለብሼ ወጥቼ ሰንሰለቱን ነካክቻለሁ። በአራተኛው ላይ ዘበኛው «ጋሼ፣ ወይ እርስዎ ይጠብቁ ወይ እኔ ልጠብቅ» አለኝና አፍሬ ተመለስሁ።

ከወገል ጤና ጋሸና፣ ከጋሸና 64 ኪሎ ሜትሩን ወደ ላሊበላ አለፍሁ፤ ቤተ ጊዮርጊስን አየሁ፤ ስለ ላሊበላ ከእኔ የተሻሉ ጽፈዋል። ስመለስ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ በድልብ በኩል ወልድያ ወረድሁ። ማደያው ቤንዚን ስላልነበረው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ከማደያው ዋጋ እጥፍ ከፍዬ ገዛሁ፤ ኤጂ ብትሆን ሁለት ሃይላንድ ትበቃት ነበር፣ እርሱ ስምንት ዋጠ። ውጫሌን ሳልቆም አልፌ ሐይቅ ዓሣ በላሁ።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የመጀመሪያው ሰርቪስ ስለሚደረግ በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ኤጂዬ ሱቁ በር ላይ ቆማለች፤ ታጥባለች፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ ለብሷል፣ እንደ ልማዷ በቀኝ እግሯ ነው የቆመችው። አንድ የባቲ ወጣት ጎንበስ ብሎ ማርሚታዋን ያያል። ነጋዴው ጀርባውን ለእኔ እንደሰጠ «ጭሱን አትፍራው፣ ባለ ሁለት ምት ሁሉ ያጨሳል። የአንድ ጠንቃቃ ሰው ነበረች፤ ከኮምቦልቻና ከደሴ አልፋ አታውቅም፣ ዘይቷ አንድ ቀን ጎድሎባት አያውቅም። በ150 ሺህ ውሰዳት» ይለዋል።

ወጣቱ ዞር ሲል ከእነ ሄልሜቴ አየኝ። «አባባ፣ እርስዎ ሞተር የሚያውቁ ይመስላሉ። ይህን ታወጣለች?» ነጋዴውም አሁን ዞረ፤ ፊቱ ለአፍታ ተለዋወጠ።

«ታወጣለች» አልሁት፤ ከልቤ ነበር።

ነጋዴው የሰርቪሱን ዘይት ዋጋ አልተቀበለኝም።