የገብስማው አውራ ዶሮ አንገት

በፋሲካ ሰሞን ገበያ ሲወጣ ሰው ሁሉ የዶሮውን ደረት ይዳብሳል። እኔ የማየው አንገቱን ነው። ላባውን ገለጥ አድርጌ አንዷን በጣቴ አጠፍ አደርጋታለሁ። ስለቃት ቶሎ ተመልሳ ቀጥ ካለች ያ ዶሮ የእኔ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ሻጭ ትዕግሥታቸው አለቀና «አንተ ልጅ፣ ዶሮ ነው ሚስት የምትመርጠው?» አሉኝ። «እማማ፣ እኔ የምፈልገው ላባውን ነው» ስላቸው አማተቡ። አልፈርድባቸውም። ገብስማ አውራ ዶሮ ለላባው የሚፈልግ ሰው በእኛ አገር ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር ታውቃላችሁ።

ጠንቋይ ቤት አልሄድም። ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ፈረንጅ ወዳጄ ሆነ። አገሩ ሲመለስ ዓሣ የሚያጠምድበትን የፍላይ ዘንጉን ከነክር መጠቅለያው፣ አንዲት ትንሽ ሞርሳና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መንጠቆ ትቶልኝ ሄደ። ፍላይ ማለት መንጠቆ ላይ በክር፣ በላባና በጸጉር እየተጠመጠመ የሚሠራ ሐሰተኛ ነፍሳት ነው። ድራይ ፍላይ የሚባለው ደግሞ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ከታች ሆኖ ያየውና ብቅ ብሎ ይጎርሰዋል።

ጣና ውስጥ ትራውት የለም። ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፣ የእኛ ሐይቅ ይሞቀዋል። ያለን ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ትራውት የፈለገ ባሌ ይሄዳል፤ ዲንሾ አጠገብ፣ ዌብ ወንዝ። እዚያም ቢሆን እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ነው የተለቀቀው።

ታዲያ እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ሃያ አራት አዳምስ ሠርቼ፣ አውቶቡስ ላይ አውቶቡስ እየቀያየርኩ ሄድኩ። አዳምስ የፍላይ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ሌን ሃላዴይ የሚባል ሰው ነው የፈጠረው። ሰውነቱ ዳለቻ፣ ዙሪያው ቀይና ገብስማ ላባ ተቀላቅሎ ነው። የመጀመሪያውን ወረወርኩ፣ ተንሳፈፈ። ደግሜ ስወረውረው ሰመጠ። ቀየርኩት፣ ሰመጠ። ከሰዓት በኋላ ላይ ሃያ አራቱም እንደ ረጠበ ጫጩት ሆነው ቆርቆሮዬ ውስጥ ተኝተዋል። ዓሦቹ ከፊቴ ጧ እያሉ እውነተኛውን ነፍሳት ይለቅማሉ። እኔ ሳር ላይ ቁጭ ብዬ በሶዬን በላሁ።

ጥፋቱ የላባው ነበር። የተጠቀምኩት የእናቴን ሴት ዶሮ ላባ ነው። የሴት ዶሮ ላባ ልስልስ ነው፣ ውኃ ይጠጣል። ለሚሰምጠው ዓይነት ፍላይ ግሩም ነው፤ ለሚንሳፈፈው ግን መርዝ ነው። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ጠንካራና አንጸባራቂ ነው። መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም ጸጉሮቹ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ዙሪያውን ይበተናሉ፣ ፍላዩም በጫፎቻቸው ውኃው ላይ ይቆማል። ዶሮው ያረጀ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ገና ወጣት የሆነ አውራ ለወጥ ይሁን እንጂ ለእኔ አይሆንም።

ችግሩ የአገራችን ዶሮ ላባ አጭር ነው። ፈረንጆቹ ለዚሁ ብለው ከሚያረቡት ዶሮ አንዷ ላባ ትበቃለች፤ ከእኛው ሁለት ሦስት ማሰር ግድ ነው። የላባው ሥር አካባቢ ያለውን ልስልስ ጸጉር ነቅላችሁ ጣሉት፣ ውኃ የሚጠጣው እሱ ነው። የጸጉሩ ርዝመት የመንጠቆው አፍ ስፋት አንድ ተኩል ያህል ይሁን። መንጠቆ ቁጥሩ ሲጨምር እያነሰ ይሄዳል፤ እኔ 14 ነው የምወደው። ክሩን ጧፍ ላይ ሳብ ሳብ አደርገውና የድመታችንን ዳለቻ ጸጉር እጠቀልልበታለሁ። ሰሙ ይይዘዋል። የስፌት መኪና ክር ግን አትሞክሩ። ይወፍርና ጭንቅላቱ እንደ ሽንብራ ይሆናል። ይህን የምለው ልብስ ሰፊ ሆኜ ነው። መጨረሻ ላይ ቋጠሮው ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ። ከመንጠቆው ዓይን ኋላ ትንሽ ቦታ መተው የሚባለውን ምክር ዛሬም እረሳዋለሁ።

አንገቱን የፈላ ውኃ ሳይነካው መግፈፍ አለብኝ። በዚህ የተነሳ በየበዓሉ ከእህቴ ጋር እጣላለሁ። ቆዳውን በሳሙና አጥቤ፣ ጨው ነስንሼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አደርቀዋለሁ። አንድ ክረምት ብል ገብቶ ሦስት አንገት ጨረሰብኝ። አሁን ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጥ ጓደኛዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ደንበኞቹ ያዩት ቀን ምን እንደሚል እንጃ።

ከፍላዩ በላይ ያከሰረኝ ግን የዘንጉ ክር ነው። የፍላይ ክር በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ባሕር ዳር ማታ ያለ ትንኝ መከላከያ አይወጣም፤ ተቀባሁና በዚያው እጄ ክሩን ያዝኩ። ዲት የሚባለው ኬሚካል ፕላስቲክ ያሟሟል። በማግስቱ ክሩ እንደ ማር እጄ ላይ ይጣበቃል። አሁን መዳፌን አልቀባም። ጣና ላይ መወርወር ከተለማመድኩ በኋላም፣ በተለይ በክረምት ውኃው ሲደፈርስ፣ ክሩን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳፋ ውስጥ አጥበዋለሁ። ዱቄት ሳሙና አይሆንም። የዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ጥጥ እስባለሁ፤ ጥጡን የያዘው ቀለበት ተሰንጥቋል ማለት ነው። መገጣጠሚያው ላይ ተራ ሻማ አሻለሁ። ጧፍ ይጣበቃል። ዘንጉ ርጥብ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ አይገባም።

የተጨፈለቀ ፍላይ አትጣሉ። በመቆንጠጫ ይዛችሁ እንፋሎት ላይ ያዙት፣ ላባው ተመልሶ ይቆማል። እኔ የጀበናው አፍ ላይ ነው የምይዘው። እማዬ መጀመሪያ ቀን ስታየኝ «ዝንብ ይታጠናል እንዴ?» አለች።

ባለፈው እሑድ ለጥር ጉዞ ከዚያ ከገብስማው አንገት የሠራሁትን የመጀመሪያ አዳምስ ሳፋ ውኃ ላይ ጣልኩት። አቦል ሲቀዳ ቆሟል። ቶና ላይ እማዬ ሳፋውን በእግሯ ነካ አደረገችው። ተወዛወዘ፣ አልሰመጠም። በረካውን ጠጥተን ረከቦቱ ሲነሳ አሁንም ላዩ ላይ ነበር። ድመቷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታየዋለች።