የባንሺን ኮሎ በረዥም ምት መቀየር፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ሞተር

ባለሁለት ምት ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ የሚያጥረው ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአሥር ሰባት እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በወረቀት ላይ ካሰፈረው ጉልበት ሲሦ የሚጠጋው ገና ከጋራዡ ሳንወጣ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ወንድሜ ያማሃ ባንሺውን እየነዳ በሸዋ ሮቢት ያለችንን የሽንኩርት ማሳ ለማየት ይወርዳል፤ ሲመለስ ደግሞ 1,300 ሜትር ከማይሞላ ቆላ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን መውጣት አለበት። ሞተሩ አርጅቶ መፈታቱ ካልቀረ፣ ስንገጥመው የምቱን ርዝመት (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘውን) ብንጨምርስ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ አቀበት ነው።

ባንሺ ለአሜሪካ ገበያ ከ1987 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተሸጠ ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 64 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 54 ሚሊሜትር ሲሆን ጠቅላላ ይዘቱ 347 ሲሲ ነው። ምቱን በ4 ሚሊሜትር አርዝሞ 58 የሚያደርገው ኮሎ (የፒስተኑን ውጣ ውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ሲገባለት ይዘቱ ወደ 373 ሲሲ ያድጋል። ጭማሪው 7 በመቶ ተኩል እንኳ ስለማይሞላ ከፍታው የወሰደብንን ሲሦ አይመልስም፤ ይመልሳል ብሎ የሚሸጥ ካለ አትመኑት። ነገር ግን ጭማሪው የሚታየው ወንድሜ በሚፈልገው ቦታ፣ ማለትም ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር እያለ ጭነት ሲይዝ ነው። ሲሊንደሩን ማስፋት ሌላው አማራጭ ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዱ ማስፋት ለወደፊቱ የሬቲፊካ (ያረጀን ሲሊንደር እንደገና የማስፋት) ዕድል የሚተወውን ብረት ስለሚበላ፣ መለዋወጫ በማይገኝበት አገር ያንን ብረት መቆጠብ ይሻላል ባይ ነኝ።

እንዲህ ያለ ኮሎ ሱማሌ ተራ ገብቶ አገኛለሁ ብሎ መድከም አያስፈልግም። የእኛው ከውጭ አገር በመጣ ሰው ሻንጣ የገባ ነው።

የባለሁለት ምት ሞተር ኮሎ እንደ መኪና ኮሎ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ቤላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) አንድ ወጥ ሆኖ በመርፌ ኩሽኔታ ላይ ስለሚሽከረከር፣ ኮሎው ከተለያዩ ክብ ብረቶችና ፒኖች በፕሬስ ተጨምቆ የሚገጠም ነው፤ ስለዚህም በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ከወደቀ ወይም ከተመታ ሊጣመም ይችላል። አዲስ ነው ብሎ ሳይለኩ መግጠም ትልቅ ድፍረት ነው። እኛ በቶርኖው ሁለት ጫፎች መካከል አስረን፣ ዳያል ጌጁን (ጥቂት መዛባትን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) በኩሽኔታው መቀመጫ ላይ አሳርፈን በእጅ ቀስ እያልን አሽከረከርነው። መርፌዋ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ እንዳትወዛወዝ ነበር ሐሳባችን፤ ከዚያም በታች ሆና አገኘናት።

ከኮሎው ጋር የመጣው ቤላ ርዝመቱ 115 ሚሊሜትር ነው፤ የፋብሪካው 110 ነበር። የቤላው መርዘም ያለምክንያት አይደለም። ምቱ በ4 ሲረዝም ፒስተኑ 2 ሚሊሜትር ወደ ላይ፣ 2 ሚሊሜትር ደግሞ ወደ ታች ይጨምራል፤ ታች ሲደርስ የፒስተኑ ቀሚስ ከኮሎው ክብ ብረት ጋር ሊነካካ ይችላል። ረዥሙ ቤላ ፒስተኑን ከኮሎው ያርቀዋል፤ ያ የጨመረው 5 ሚሊሜትር ላይ እንዳይተርፍ ደግሞ ፒኑ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ የተበሳ ፒስተን አብሮ መግዛት ግድ ይሆናል። የድሮውን ፒስተን በዚህ ቤላ ላይ መግጠም አይቻልም። ኮሎው በቤቱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላም ቤላው ሲዞር የቤቱን ግድግዳ እንዳይነካ ዙሪያውን በስስ ብረት እየለኩ ማየት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ክፍተት ከሌለ ግድግዳው መሞረድ አለበት።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ይበልጥ ያነጋገረን ግን ወደ ላይ የጨመረው 2 ሚሊሜትር ነው። ፒስተኑ ያንን ያህል ከፍ ሲል ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ይመታል። ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ ከሲሊንደሩ ሥር 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሳህን ገብቶ ሲሊንደሩ ከፍ ይላል፣ ወይ ቴስታታው ከውስጥ 2 ሚሊሜትር ተቆርጦ ለፒስተኑ ቦታ ይለቀቃል። በቶርኖ ቤቱ ያሉት ባለሙያ በዕድሜም በሙያም ታላቄ ናቸው፤ ሥራውን ስነግራቸው፣ “ልጄ፣ ሳህን አስገብተህ ከፍ ብታደርገው በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ደኅናውን ቴስታታ ለምን ትነካዋለህ?” አሉኝ። “ጋሼ፣ ሲሊንደሩ ከፍ ሲል ቀዳዳዎቹም አብረውት ከፍ ይላሉ፤ ያኔ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ላይኛው ዙር ይዞብን ይሄዳል” ብዬ ወረቀቱን አሳየኋቸው።

በወረቀቱ ላይ የነበረው ስሌት ይህን ይመስላል። በዚህ ሞተር ቴስታታ ላይ እንደ መኪና ቫልቭ የለም፤ የጭስ መውጫውንና የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳዎቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ፒስተኑ ራሱ ነው። ሲሊንደሩ በ2 ሚሊሜትር ከፍ ቢል የጭስ መውጫው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ በኮሎው ዙር 9 ዲግሪ ገደማ፣ የማሳለፊያዎቹ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በላይ ይረዝማል። ይህ በአሸዋ ሜዳ ላይ ለሚሽቀዳደም ሰው መልካም ነው፤ አቀበት ለሚወጣ ሰው ግን የፈለገውን ጉልበት ከእጁ የሚነጥቅ ነው። ሲሊንደሩ ባለበት ሆኖ ቴስታታው ቢቆረጥ ግን የጭስ መውጫው ለውጥ ከ2 ዲግሪ አይበልጥም፤ ማሳለፊያዎቹም በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ብቻ ይረዝማሉ፤ ያ ደግሞ ይዘቱ ላደገ ሞተር የሚገባው ነው። ጋሼ ወረቀቱን ደጋግመው ካዩ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ቴስታታውን ቶርኖው ላይ አሰሩት።

ቆረጣው ካለቀ በኋላ በፒስተኑና በቴስታታው ጠርዝ መካከል የቀረውን ክፍተት የለካነው በስታኞ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ለስላሳውን የስታኞ ሽቦ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ድረስ አስገብተን፣ ኮሎውን በእጅ አዙረን ፒስተኑን ከላይኛው ጫፍ አሳልፈን፣ የተደፈጠጠውን ጫፍ በካሊፐር ለካን። ፒስተኑ እንዳይጋደል የሚለካው በፒኑ አቅጣጫ፣ በግራም በቀኝም ነው። የተመኘነው 1.2 ሚሊሜትር ነበር፤ በሁለቱም ሲሊንደሮች ከዚያ በፀጉር ስንጥቅ እንኳ የሚለይ አልነበረም። ከዚህ ብዙ ሲሰፋ ጠርዝ ላይ ያለው ነዳጅ ዘግይቶ ይነድና ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል፤ ብዙ ሲጠብ ደግሞ በከፍተኛ ዙር ብረት ከብረት ይገናኛል። የማቃጠያ ክፍሉንም ይዘቱ ባደገበት መጠን አስፍተነዋል። ለደብረ ብርሃን ስስ አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ጠበቅ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ሮቢት ላይ ግን አየሩ ወፍራም፣ ቀኑም ሞቃት ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ፣ ቤንዚን ከማየቱ በፊት፣ የአየር ፍተሻ ይደረግለታል። የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን አፍ በላስቲክ ዘግተን፣ በብስክሌት መንፊያ እስከ 0.4 ባር ነፍተን፣ በመገጣጠሚያዎቹና በኮሎው ጫፎች የሳሙና ውኃ ቀባን። በማግኔቱ በኩል ባለው ኦይል ሲል (አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋ ቀለበት) ጠርዝ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አረፋ ቀስ ብላ ስታብጥ አየን፤ ሲሉን አውጥተን በሌላ ስንተካው ጌጁ ባለበት ቆመ። ያቺ አረፋ የምታስገባው ትርፍ አየር ቅልቅሉን አሳስቶ ፒስተን ለማቅለጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የሰሜን ሸዋ መንገድ ባለሁለት ምት ሞተርን የሚገድለው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ለደብረ ብርሃን ስስ አየር የተመረጠ ትንሽ ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለቀዳዳ ብሎን) ሮቢት ሲደርስ ለወፍራሙ አየር የሚበቃ ቤንዚን አይሰጥም፤ ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ በመጨረሻም ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ስለዚህ ትልቁ ጄት የሚገባው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከመነሣታችን በፊት ነው፤ ካርቡሬተሩ ሁለት በመሆኑም ሁለቱም አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። በጣርማ በር ላይ ትንሽ ቢያጨስና ቢከብደው ችግር የለውም። ሁለተኛው አደጋ ዘይቱ ነው። የዚህ ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ ነው፤ እኛ ለ5 ሊትር ቤንዚን 155 ሚሊሊትር ያህል፣ ማለትም 1 ለ32 እናደርጋለን። ቤንዚን መስጫው ተዘግቶ በማርሽ ብቻ ረዥም ቁልቁለት ሲወረድ ኮሎው በፍጥነት ይዞራል፤ ቤንዚኑ ስለተቋረጠ ግን ዘይቱም ተቋርጧል። ምቱ ሲረዝም ፒስተኑ በአንድ ዙር የሚጓዘው መንገድም ስለጨመረ፣ በ9,000 ዙር አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ16.2 ወደ 17.4 ሜትር ከፍ ብሏል፤ ዘይት የሚያጣበት ቅጽበት ከበፊቱ ይልቅ ያስፈራል። ለወንድሜ ያልኩት ይህን ነው፦ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ፍሬን ተጠቀም፣ በየመታጠፊያው ፍሪሲዮን ያዝና ቤንዚን ጠቅ ጠቅ አድርግ።

ሮቢት ደርሶ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ሲያያቸው ጫፋቸው ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ቡናማ ከሆነ ጄቱ ልክ ነው፤ ነጣ ካለ አንድ ቁጥር ከፍ እናደርጋለን። እስካሁን ቡናማ ነው። የሚቀጥለው ሥራ ፍሪሲዮኑ ነው፤ ጠንከር ያለ ሱስታ ይፈልጋል፤ በሁለተኛ ማርሽ አቀበት ላይ አልፎ አልፎ መንሸራተት ጀምሯልና።