ከተቋረጡ በኋላ ቶሎ መመለስ፦ ቀልቤን ለመሰብሰብ የሠራልኝ አካሄድ

ጽሑፍ ማረምና ሒሳብ ማመሳከር ቀልብ ሳይሰበሰብ የሚሆን ሥራ አይደለም። ስለ ትኩረት የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «በርህን ዝጋ» የሚል ነው፤ እኛ ቤት ግን በር አይዘጋም። ጎረቤት ቡና ትጠራለች፣ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ቢሮም ከሆነ ባልደረባ «አንዴ ብቻ» ብሎ ይገባል። ስለዚህ እንዴት ሳልቋረጥ ልሥራ የሚለውን ትቼ፣ ከተቋረጥኩ በኋላ በስንት ደቂቃ እመለሳለሁ የሚለውን መለካት ጀመርኩ።

መጀመሪያ 7 ቀን መዘገብኩ። አንድ ወረቀት ለሁለት አጥፌ በግራው «ከሰው»፣ በቀኙ «ከራሴ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥራዬ በወጣሁ ቁጥር የወጣሁበትንና የተመለስኩበትን ሰዓት አሰፈርኩ። ሳምንቱ ሲያልቅ የቀኙ ዝርዝር ረዝሞ አገኘሁት፦ ማንም ሳይደውል የተነሣ ስልክ፣ ምን እንደሚፈለግበት ሳይታወቅ የተከፈተ ገጽ፣ ውኃ ልጠጣ ብሎ ተነሥቶ መቅረት። ይህን ሳያዩ ዘዴ መምረጥ ከንቱ ድካም ነው፤ መቋረጡ ከራሱ የሚመጣበት ሰው ቤተሰቡን ዝም ቢያሰኝ የሚለወጥ ነገር የለም። ሰዓቱ ግን እዚያው በዚያው መጻፍ አለበት። ማታ በግምት የሚሞላ መዝገብ ሁልጊዜ ሰውን ከስሶ ራስን ነጻ ያወጣል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ «የመመለሻ መስመር» የምለው ነው። ከወንበሬ ከመነሣቴ በፊት፣ የመጣው ሰው ማንም ቢሆን፣ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ 10 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያቆየው ነገር ጥቂት ነው፤ ኔልሰን ካዋን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ጽሑፍ ልኩን አራት ገደማ አድርጎታል። ብድግ ስንልና ሌላ ወሬ ስንጀምር እነዚያ አራት ነገሮች ይወድቃሉ፤ ተመልሰን ስንቀመጥ ጊዜያችንን የሚበላው እነሱን መልሶ መልቀም ነው።

መስመሩ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ያለሁበት ቦታ፣ እዚያ ያየሁት፣ ቀጥሎ የማደርገው። «ገጽ 14፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ፤ ድምሩ በ300 ብር ይበልጣል፤ የመጋቢትን ደረሰኝ አውጥተህ አመሳክር» ማለት ይሠራል። «ሪፖርቱን ቀጥል» ማለት አይሠራም፤ ከየት እንደሚቀጠል እንደገና ማሰብ ይጠይቃልና። የመጨረሻው ቃል እጅ የሚሠራው ግስ ይሁን፦ አውጣ፣ ደምር፣ ሰርዝ፣ ደውል። «አስብበት»ና «እየው» ብዬ የጻፍኩባቸው ቀናት ሁሉ መመለሻዬ ዘግይቷል። ወረቀቱም ከኪቦርዱ ላይ ይቀመጣል፤ ጎን ላይ የተቀመጠ ወረቀት በሁለት ቀን ከሌላው ጋር ይቀላቀላል።

ሁለተኛ ወረቀት አለኝ፤ ሥራ መሃል ብልጭ ለሚሉ ሐሳቦች። «ጋዝ አልቋል»፣ «እኅቴ ጋ ሳልደውል»። እዚህ ላይ የሠራሁት ስሕተት ስሙን ብቻ መጻፍ ነበር፤ ሐሳቡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። መቼና የት እንደሚፈጸም ሲጨመርበት ግን ይተወኛል፦ «ጋዝ፣ ነገ 11 ሰዓት ተኩል፣ ከሥራ ስወጣ»። ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናትም ያላለቀ ጉዳይ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት አእምሮን መጎተቱን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ስልክን ድምፁን ማጥፋት አልበቃኝም፤ ሌላ ክፍል ነው የማስቀምጠው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 800 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ስልካቸው ሌላ ክፍል የነበረው ሰዎች፣ ጠረጴዛቸው ላይ ከነበረው የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ዘግቧል። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ጥናቶች አንዳንዶቹ ግን ይህን ውጤት አላገኙም። እኔን ያሳመነኝ ግን የራሴ መዝገብ ነው፤ ለማንሣት መራመድ ሲኖርብኝ የቀኙ ዝርዝር አጠረ።

ወላጅ የታመመበት ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ያለው ሰው ስልኩን መተው ይፈራል፤ ልክም ነው። «አትረብሽ» የሚለውን ቅንብር ከፍቶ ሁለት ሦስት ቁጥሮች እንዲያልፉ መፍቀድ፣ ከዚያም የተደጋገመ ጥሪ እንዲያልፍ ማብራት ይቻላል። ያኔ ያው ሰው አይፎን ላይ በ3፣ አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ እንደገና ከደወለ ይጮኻል። ለቤተሰብ «አስቸኳይ ከሆነ ሁለቴ ደውሉ» ብሎ መንገር ነው፤ መጥሪያው ከሌላ ክፍል እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ማድረግ አይረሳ። የቴሌግራም ቡድኖችን አንድ በአንድ ዝም ማሰኘት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ያን ግማሽ ሰዓት አትሰስቱ።

ሰዓት ቆጣሪን በተመለከተ፣ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው የ25 ደቂቃ ሥራና የ5 ደቂቃ ዕረፍት ለደረሰኝ ማመሳከር ይስማማኛል። ለጽሑፍ ያጥራል፤ ሐሳቡ ሲሞቅ ይጮኻል። ለእሱ 45 ሠርቼ 10 አርፋለሁ። 25 ደቂቃ መቀመጥ ለከበደው ሰው ከ15 ጀምሮ በየሳምንቱ 5 መጨመር ይሻላል። ቆጣሪው የወጥ ቤት ይሁን ወይም የጠረጴዛ ሰዓት፤ በስልክ ከቆጠሩ ለማጥፋት ሲያነሡት መልእክት ይጠብቃል። በዕረፍቱም መልእክት አይነበብም። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንዞር የአሳባችን አንድ ክፍል ከቀደመው ጋር ይቀራል። እኔ ተነሥቼ በመስኮት ሩቅ አያለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ።

ቡና የዚህ ጉዳይ ትልቅ አካል ነው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት ሲወሰድ እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። እንቅልፍ ከጎደለ በማግሥቱ ምንም ዘዴ አይሠራም። ማታ 4 ሰዓት ስለምተኛ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አልጠጣም። ከሰዓት በኋላ የተፈላ ቡና ላይ ከተጠራሁ ግን ሳልቀምስ መነሣት፣ በረካን ረግጦ መሄድ ነውር ነው። ያኔ አቦሉን ግማሽ ሲኒ አስቀድቼ በረካውን እቀበላለሁ፤ ያው ዱቄት ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈላ ቶናና በረካ ይሳሳሉ። በጾም፣ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ከባዱን ሥራ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይያዝ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ደብዳቤ መመለስና ፋይል ማስተካከል ይበቃዋል።

ሰውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ሠርቷል፦ ሰዓት መስጠት። «ሥራ ይዣለሁ» ሲባል ሰው ይከፋል። «እስከ 5 ሰዓት ይህን ልጨርስ፣ ከዚያ ራሴ እመጣለሁ» ሲባል አይከፋም፤ በ5 ሰዓት ግን የግድ መሄድ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከቀሩ ቃሉ ዋጋ ያጣል። ትልቅ ሰው ሲመጣ መነሣት ነው፤ የመመለሻ መስመሩን ጽፎ።

ይህን ሁሉ ለሳምንታት ሞክሮ ምንም ካልተለወጠ፣ በተለይ ድካም፣ የስሜት መጨለም ወይም ከልጅነት የዘለቀ መቅበጥበጥ ካለ፣ ሐኪም ማየት ይገባል። የደም ማነስና የታይሮይድ መዛባት ቀልብን ይበትናሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ።

የቀኑ የመጨረሻ 5 ደቂቃ የነገው ናት። የነገውን የመጀመሪያ መስመር ጽፌ፣ የሚያስፈልገውን ፋይል ብቻ ክፍት ትቼ፣ ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጬ እነሣለሁ።