ኤንቪዲያ በአንድ ሌሊት ዘጠና በመቶ ሲወድቅብኝ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አክሲዮን የምገዛው ከደሞዜ በተረፈች ገንዘብ ሲሆን የዋጋ ውጣ ውረድ ለሚያሳየኝ ቻርት በየወሩ የምከፍለው አንዳንዴ ከትርፌ ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ክፍያውን አቋርጬ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ልሞክር አልኩ።

መጀመሪያ ያማረኝ አልቆ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነበር። እንደ ኤክሊፕስ ትሬደር ያሉት ኮዳቸው ይገኛል፤ ግን ሳይታደሱ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ኡቡንቱ የተባለው ነፃ ሥርዓተ ክወና በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከሱም ጋር ሠንጠረዥ የሚያሰላውን ፓንዳስንና ኤምፒኤልፋይናንስን ጫንኩ። የየቀኑን ዋጋ በሻማ ቅርጽ የሚያሳየውን የሻማ ቻርት የሚስለው የመጨረሻው ነው። የሚፈልገው አምስት ዓምድ ነው፦ መክፈቻ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ፣ እንዲሁም የግብይት መጠን። ቀኑ እንደ ተራ ጽሑፍ ከገባበት አልስልም ይላል፤ ይቺን ለማወቅ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲያ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሻማው፣ የ20 እና የ50 ቀን አማካይ ዋጋው፣ ከሥሩም የግብይት መጠኑ ይወጣል። ቅዳሜና እሑድን ሳልነግረው ዘሎ ያልፋል።

መሳሉን በሳምንት ለመድኩት። ጣጣው የመጣው ከዳታው ነው።

የየቀኑን ዋጋ ከኢንተርኔት እያወረድኩ ቀድሞ በነበረኝ ሲኤስቪ (ሠንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ) ፋይል ጫፍ ላይ እቀጥል ነበር። ብልህ መሆኔ ነው፤ የቆየውን ለምን ደግሜ አወርዳለሁ? ጁን 10 ቀን 2024፣ ሰኞ ማታ፣ ቻርቱን ስከፍት የቺፕ ኩባንያው የኤንቪዲያ አክሲዮን ከ1,200 ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 120 አካባቢ ወርዷል። ክው አልኩ። አብሮኝ ለሚሠራ ልጅ ደወልኩለት።

«አንተ ደግሞ! አንዱ አክሲዮን ዐሥር ሆነልህ እንጂ መቼ ወደቀ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ስፕሊት ነበር፤ ኩባንያው አንዱን አክሲዮን ለዐሥር ከፍሎት ዋጋውም በዚያው ልክ አንሷል። ዜናውን እኔ ሰምቻለሁ፤ ፋይሌ ግን አልሰማም። የቆዩት መስመሮች በአሮጌው ዋጋ፣ አዲሱ መስመር በአዲሱ። ጉዳቱ ደግሞ በዚያ ቀን አያበቃም፤ አሮጌዎቹ ቁጥሮች ተገፍተው እስኪወጡ ድረስ የ50 ቀኑ አማካይ ለወራት ሲዋሽ ይከርማል። ማስተካከያው ከስፕሊቱ በፊት ያለውን ዋጋ ለ10 ማካፈል፣ የግብይት መጠኑን በ10 ማባዛት ነው። እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ አሁን የቆየው ዋጋ ተስተካክሎ የሚመጣበትን ሙሉ ታሪክ ሁልጊዜ እንደ አዲስ አወርዳለሁ። የዐሥር ዓመት ዕለታዊ ዋጋ 2,500 መስመር ገደማ ነው፤ ቡና እስኪፈላ እንኳ አይቆይም።

ቀጥሎ የአርኤስአይ ነገር መጣ፤ የዋጋው ጭማሪ ከቅናሹ አንፃር ምን ያህል እንደበረታ ከ0 እስከ 100 የሚለካ ቁጥር ነው። ያው ልጅ በሚከፍልበት ቻርት ላይ 70 ሲል የኔው ሌላ ቁጥር ያሳያል። ዌልስ ዋይልደር ይህን መለኪያ በ1978 ሲያወጣው የጭማሪውንም የቅናሹንም የትናንት አማካይ በ13 አባዝቶ፣ የዛሬን ደምሮ፣ ለ14 አካፍሎ ነው። እኔ ፓንዳስን «span 14» አልኩት፤ እሱ ደግሞ በዚህ ስሌት ለዛሬው ቁጥር 2/15 ድርሻ ይሰጣል። የዋይልደርን 1/14 ለማግኘት «27» ማለት ነበረብኝ። ይህን የደረስኩበት እንዲህ ያሉ መለኪያዎችን የሚያሰላውን ቲኤ ሊብ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ኮድ ከፍቼ መስመር በመስመር ሳነብ ነው። የተጻፈበትን የሲ ቋንቋ አላውቅም፤ ማባዛትና ማካፈል ግን ይነበባል። ክፍት ኮድን የወደድኩት ያን ዕለት ነው፤ ገንዘብ ስላዳነልኝ አልነበረም። የተዘጋ ቢሆን ከሁለታችን የተሳሳተው ማን እንደሆነ በምን አውቅ ነበር?

ከሁሉ ያፈርኩበት ግን ቀስቶቹ ናቸው። የ20 ቀኑ አማካይ የ50 ቀኑን ወደ ላይ ሲሻገር «ግዛ» የሚል አረንጓዴ ቀስት እንዲስል፣ በዚያው ቀን መዝጊያ ዋጋም ተገዛ ብሎ እንዲያሰላ ጻፍኩ። ያለፉት ዓመታት ትርፍ ሲደመር ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ለሳምንት ያህል የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ በልቤ ስጽፍ ሰነበትኩ። ስህተቱ የታየኝ እንደ አጋጣሚ ነው፦ አማካዩ የሚታወቀው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ከመዘጋቱ በፊት አውቄ እንደገዛሁ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ግዢውን አንድ ቀን አሸጋሽጌ በማግስቱ መክፈቻ ዋጋ አደረግሁት። አብዛኛው ትርፍ ተነነ።

በማግስቱ በሰዓቴ ሥራ ገባሁ።